በቀኙ በር ላይ የቀረችው ሻካራ

ውድ ወንድሜ ሐር፣

ልጅህ ዛሬ ጋራዥ መጥታ ነበር። ነገ ሙሽራ ናት። አባቴ ባደሳት አሮጌ መኪና እንጂ በሌላ አልሄድም ብላ ድርቅ ብላለች፤ ድርቅናዋስ ያው ያንተው ነው።

መኪናዋን በግማሽ ትተህብኝ ነው የሄድከው። ከቀለሙ በላይ የሚያብለጨልጨውን ሽፋን፣ ክሊሩን፣ አብረን ረጨን፤ ሲደርቅ ግን "ማሽንህን ወዲያ በል! የልጄን መኪና በእጄ ነው የማለሰልሳት" አልክ። ብርጭቆ ወረቀቱን በሳሙና ውሃ እየነከርክ ቀኝ ጎኗን ጀመርክ፤ ፈተግ፣ ጠረግ፣ ደግሞ ፈተግ። ግራውን ሳትነካ ሞት ቀደመህ።

ቀኙን ስትሠራ ነው ጉንጭህን በሩ ላይ ስትለጥፍ ያየሁህ። "አንተ ሽማግሌ፣ ልትስማት ነው እንዴ?" ብዬ ጋራዡን ሁሉ አሳቅኩብህ። ሰዎቹ ለምሳ እስኪወጡ ጠብቀህ፣ "የስኳር በሽታው ጣቶቼን አደንዝዟቸዋል፤ ሻካራውን ከለስላሳው አልለይም። ጉንጬ ብቻ ነው የቀረኝ" አልከኝ። "ልጄ እንዳትሰማ። ሐር ያሉኝ እኮ በእነዚህ እጆች ነው።"

ግራውን እንደፈለግከው በእጄ ሠራሁት። ማሽን የለመደ ክንድ እንዴት እንደሚቃጠል አትጠይቀኝ። ጠርዙ ላይ ስደርስ "ቀስ በል፣ እዚያ ጋ ክሊሩ ስስ ነው" የምትለው ነገር ጆሮዬ ላይ ያቃጭል ነበር። ስጨርስ እንዳንተ ጉንጬን አስጠጋሁ፤ ለስልሷል። ከዚያ ወደ አንተ ጎን ዞርኩ። ከቀኙ በር እጀታ በታች መዳፍ የምታህል ቦታ ትሻክራለች። ወረቀቱን አነሳሁ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። የመጨረሻ ሥራህን እንዴት ብዬ ላጥፋው?

ልጅህ መኪናዋን እየዳሰሰች ስትዞር መጥታ እዚያው ላይ ቆመች።

"አጎቴ፣ እዚህ ጋ ይሻክራል።"

"እሱ የኔ ሥራ ነው" አልኳት። "አባትሽ የሠራው ግራውን ነው።"

"ድሮስ! አባዬ እኮ ማሽኑ ብሎ ስም ያወጣልህ ወዶ አይደለም" ብላ ሳቀች። ወደ ግራው ዞራ ጉንጯን በሩ ላይ አሳረፈች፤ ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ክሊሩ በእንባዋ ረጥቦ ነበር። እኔም ባንተ በኩል እንደቆምኩ፣ መዳፌን ሻካራዋ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ናፍቀኸኛል፣ ወንድሜ።

ስትወጣ፣ "ታዲያ ያንተን እስከ ነገ አስተካክላት፣ ሙሽራ እኮ ነኝ!" አለችኝ። እሺ አልኳት።

አላስተካክላትም። ነገ በሩን ከፍቼ የማስገባት እኔ ነኝ፤ የማስገባትም በቀኙ፣ ባንተ በር ነው።

በስተርጅና የእጅ ሥራ ያስተማርከው፣
ማሽኑ