እታለም ስልክ አታነሳም

ሰኞ

ዛሬም አላነሳችም። ሱቅ ስከፍት ደወልኩ፣ ከምሳ በፊት ደወልኩ፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሜ ሞከርኩ። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ከዚያ ዝም። አመሻሹ ላይ መልእክት ገባ፦ «የሚያስፈልግሽን ጻፊ። ይላካል።» በቃ ይኸው ነው። «ብርቱዬ» የለ፣ «እንዴት ዋልሽ» የለ።

እታለም ባሕር ዳር ያለች የልብስ ጅምላ ሻጭ ናት። ከኩዌት ተመልሼ ደብረ ታቦር ላይ ይቺን ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ ዕቃ የማመጣው ከእሷ ነው። ግን በዓይን ተያይተን አናውቅም። ፎቶ ትልክልኛለች፣ በስልክ እንመርጣለን፣ ዕቃው በሚኒባስ ይመጣል። መጀመሪያ አካባቢ አንቱ ስላት «አሮጊት አደረግሽኝ እኮ!» ብላ ከለከለችኝ። ደንበኞቼን ሳታያቸው ታውቃቸዋለች። «ያቺ ነርስ ወለደች?» ትለኛለች።

ምን አድርጌያት ይሆን? ባለፈው «ቀለሙ ይለቃል» ብዬ ቀሚስ መልሼባታለሁ። ቆጣ ብዬም ነበር መሰለኝ።

ማክሰኞ

ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ ሰው የልጆች ልብስ መጠየቅ ጀምሯል። እንቁጣጣሽን ያለ ዕቃ ካሳለፍኩ የዓመቱ ገበያ አመለጠኝ ማለት ነው። እሱን ሳሰላስል አንድ ሸጋ ልጅ ገባ። ጃኬቱ የተተኮሰ፣ ጫማው ጭቃ ያልነካው፤ በዚህ ክረምት እንዴት እንደቻለ እንጃ። ባሕር ዳር አዲስ ጅምላ ከፍቷል። ናሙና ዘረጋልኝ። እውነቱን ልጻፍ፣ ሹራቦቹ ያምራሉ። ስፌታቸው ጥብቅ ያለ፣ ውስጣቸው ለስላሳ።

«ከእኔ ብቻ ከወሰድሽ ሽጠሽ ትከፍያለሽ» አለኝ።

እታለም አለችኝ ስለው አንገቱን ነቀነቀ። «እሷማ ልትዘጋ ነው ይባላል፣ እህቴ። አልነገረችሽም?»

እስከ ዓርብ ልየው ብዬ ሸኘሁት። ልትዘጋ? ለእኔ ሳትነግረኝ? ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

ረቡዕ

ሰኞ ማታ በመልእክት ያዘዝኩት የእንቁጣጣሽ ዕቃ መጣ። ስፈታው ወሽመጤ ቁርጥ አለ። እጅጌ የሌላቸው የልጆች ቀሚሶች፣ ስስ ስስ ሸሚዝ፣ ቁምጣ። ለባሕር ዳር ሙቀት የሚሆን እንጂ ለእኛ ብርድ! እታለም እንዲህ አታደርግም። አንዴ እኔው ራሴ ስስ ቀሚስ ላኪልኝ ብላት «ደብረ ታቦርን በብርድ ልትገድዪልኝ ነው?» ብላ እምቢ ያለች ሴት ናት። ይህን ያሰረው ሌላ ሰው ነው።

«ተሳስቶ ነው ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። «ይቅርታ» የሚል መጣ።

ቂሙን ትቼ መፍራት ጀመርኩ። እህቴ ሱቁን ትይዝልኛለች። ነገ እሄዳለሁ።

ሐሙስ

ሐሙሲት ከተማ ስንደርስ ገበያው መንገዱን ሞልቶት ሚኒባሳችን በበግና በሰው መሀል እየተሽሎከሎከ አለፈ። ባሕር ዳር ስደርስ ሱቁን ጠያይቄ አገኘሁት። ክፍት ነው።

እንደ ድምፅዋ ግዙፍ ሴት ነበር የጠበቅኩት። በርጩማ ላይ የተቀመጠችው ግን ቀጭን፣ አጭር፣ አንገቷን በነጠላ የጠቀለለች ሴት ናት። «ብርቱካን ነኝ፣ ከደብረ ታቦር» ስል ዘላ ተነሳች። ጉንጬን ይዛ ሳመችኝ፣ ደግማ ሳመችኝ። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ያወራችው ልጇ ሰላም ናት። እናቷ ጉሮሮዋ ላይ እብጠት ተገኝቶ ኦፕራሲዮን ሆናለች። እብጠቱ ክፉ አይደለም ተብሏል፣ ተመስገን። ግን እስኪድን ድረስ እንዳትናገር ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። ድምፅዋ እንደ ድሮው ይመለስ አይመለስ እሱም አላወቀም።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አልኩ።

«ደንበኞቼ ሰምተው ይበተናሉ ብላ። መልእክቱን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ ዕቃውንም ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች ሰላም። እታለም ልጇን በክርኗ ጎሰመቻት፤ ዝም በይ ነው።

ሰላም የላከችልኝን ቀሚስ ከቦርሳዬ አውጥቼ ለእታለም አሳየኋት። ዓይኗ ፈጠጠ! ሁለት እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታ ተንቀጠቀጠች፣ ጥርሷን አንገጫገጨች፣ ከዚያ ወደ ሰላም ጠቆመች። ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን፤ የእሷ ሳቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻዋ ብቻ ይነቀነቃል።

ከዚያ አብረን መረጥን። ታነሳለች፣ አያለሁ፣ ራሴን እነቀንቃለሁ። እኔ አወራሁ። ነርሷ መንታ መውለዷን ስነግራት አፏን በነጠላዋ ያዘች፣ ወዲያው ሄዳ ሁለት ትንንሽ ኮፍያ ጥቅሉ ላይ ጨመረች።

ልሄድ ስል ጠየቅኳት፦ «እታለም፣ ለሌሎቹ ደንበኞችሽ ልንገራቸው? ልትዘጋ ነው እየተባለ ነው።» መሬት መሬት አየች። ከዚያ ለሰላም ምልክት ሰጠቻት፤ ሰላም የሌሎቹን ባለሱቆች ስልክ ላከችልኝ።

ዓርብ

ሸጋው ልጅ ደወለ። ሹራቡን እወስዳለሁ፣ «ከእኔ ብቻ» የሚለው ግን ይቅር አልኩት። «እንግዲያው አይሆንም፣ እህቴ» አለ፣ በትህትና። ስልኩን ስዘጋ ሹራቦቹ ትዝ አሉኝና ትንሽ ቆጨኝ።

ከዚያ ስደውል ዋልኩ። ገሳይ ከተማ ሱቅ ያላቸው እትዬ የሺ ነገሩን ሲሰሙ ጮኹ። «ውይ ልጄ! እኔ እኮ ተቀይማኝ መስሎኝ፣ ንስሐ አባቴን ላማክር ነበር!» አሉ። አዲስ ዘመን ከተማ ያለው ባለሱቅም ያው ነው፤ አስቀይሜያታለሁ ብሎ መደወል አቁሟል። ሁላችንም በየሱቃችን የየራሳችንን ጥፋት ስንፈልግ ከርመናል።

እትዬ የሺ አንድ ሐሳብ አመጡ፦ የእሳቸው ዕቃ ከእኔ ጋር ተጭኖ ይምጣ፣ እዚህ መጥተው ይወስዳሉ። «ሰላም ልጅ ናት፤ ስታስር አንቺ በስልክ እያየሽ አርሚያት» አሉኝ። ለሰላም ስነግራት ደስ አላት።

ቅዳሜ

ገበያ። ሰው ከየገጠሩ ወርዷል፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። የእታለም ወፍራም ጃኬቶች ገና ሳልሰቅላቸው ተሻሙባቸው። እትዬ የሺ መጡ፣ አንቱ እያልኩ ወንበር ብሰጣቸው እምቢ ብለው ቆመው አብረውኝ ሸጡ! አፋቸው ይጣፍጣል፤ አንዱን ገበሬ ለሚስቱም ለልጁም አስገዙት። ሸጋው ልጅ ከፊት ለፊቴ ያለው ሱቅ ውስጥ ገብቶ ናሙናውን ሲዘረጋ አየሁት። ይሁን። ገበያ ነው።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ስልኬ ጠራ። እታለም። በሰላም ስልክ ሳይሆን በራሷ።

አነሳሁት። ድምፅ የለም። የባጃጅ ጡሩምባ ከሩቅ ይሰማል፣ ትንፋሽ ይሰማል።

«እታለም? አንቺ ነሽ? እንዳትመልሺልኝ፣ ሐኪሙ ከልክሎሻል!»

ስልኩን በጥፍሯ ቆርቆር አደረገችው።

ምን ልበላት? ስለ ገበያው ጀመርኩ። ጃኬቶቹ እንዴት እንዳለቁ፣ እትዬ የሺ ገበሬውን እንዴት እንዳግባቡት፣ የነርሷ መንታዎች ኮፍያቸውን አድርገው ዛሬ ቅዳሴ ላይ እንዴት እንዳለቀሱ። ሳቋ ሲመጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ አሁን ለይቼዋለሁ። የሐኪም ቀጠሮዋ ገና ነው። ያኔ የሚባለውን እግዜር ያውቃል።

የስልክ ሂሳቧ እስኪያልቅ አወራሁላት። ከዚያ ካርድ ሞልታ መልሳ እሷው ደወለች።