አባባ በቢላ የቀረጹት ኬብል

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለህሩይ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የሐዋሳ አየሩና እህል ውሃው ተስማማህ ወይ? ሥራውስ? እኛ ጠዳ ያለነው፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

የላክኸው ሞኒተር ጥቅምት መግቢያ ላይ በሰላም ደረሰ። አባባ ለደብሩ የሚጽፉት ድጓ ቆሞ እንደነበር ታውቃለህ። ዓይናቸው ደክሞ፣ ከፊደሉ በላይ ያለችውን ደቃቅ የዜማ ምልክት መለየት ስላቃታቸው ብዕራቸውን ካስቀመጡ አራት ወር አልፎ ነበር። ለጥምቀት አደርሳለሁ ብለው ቃል ገብተዋልና ነገሩ እንቅልፍ ነስቷቸው ነበር። የሚቀዱበትን አሮጌ ድጓ ገጾች በስልኬ አነሳሁና፣ በሞኒተሩ በትልቁ እንዲያዩት ማሰብህን ነገርኳቸው። ህሩይ ነው የላከው ስላቸው ወሬ ቀየሩ። ምን ልደብቅህ፣ ዜማ ቤቱን ትተህ ኮምፒውተር ልማር ብለህ ከሄድክ ወዲህ ስምህ ሲነሳ እንደዚያው ናቸው።

አሁን ስማኝና ሳቅ። አብሮ የመጣው ኬብል በሁለቱም ጫፍ ኤችዲኤምአይ ነው። የኔ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ደግሞ የዲስፕሌይፖርት ቀዳዳ ነው። ሁለቱ በመልክ ይቀራረባሉ እንጂ አንዱ በሌላው አይገባም። ጎረቤት ደርሼ ስመለስ አባባ የመቃ ብዕር በሚቀርጹባት ቢላ የኬብሉን ጫፍ ሲቀርጹ አገኘኋቸው። "ምነው አባባ?" ብላቸው፣ "ብዕርም እስኪስማማ ይቀረጻል፤ ትንሽ ነው የቀረው" አሉኝ። ኬብሉ በዚያው አረፈ።

አንተን ልጠይቅ ብደውል እንደ ልማድህ አላነሳህም። በማግስቱ ኮምፒውተሬንና ሞኒተሩን ተሸክሜ ጎንደር ፒያሳ፣ ልዑልቃል የሚባል ባለሱቅ ዘንድ ገባሁ። መጀመሪያ ያቀረበልኝ ቪጂኤ ነው፤ ያ በብሎን የሚጠብቀው ሰማያዊው። ይሠራል፤ ግን የድጓውን ፎቶ ስከፍተው ፊደሉ ጥላ አወጣ፣ ምልክቷም ከመስመሩ ጋር ተደባለቀች። ቀጥሎ አንድ ጫፉ ዲስፕሌይፖርት፣ ሌላው ኤችዲኤምአይ የሆነውን ሞከረልኝ። ምልክቷ ጥርት ብላ ታየች። ዓይን ያያል ልብ ይፈርዳል እንዲሉ እሱን ያዝኩ። ዲስፕሌይፖርቱ የግድ በኮምፒውተሩ በኩል እንዲሰካ፣ ከተገለበጠ እንደማይሠራ ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ።

ቤት ስሰካው አባባ ወንበራቸውን አስጠጉ። ምልክቷን በጣታቸው እየተከተሉ በለሆሳስ አዜሙ። ቆይተው ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "የዚያ ልጅስ ዓይኑ ደህና ነው?" አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው፤ እንባዬን ግን መያዝ አልቻልኩም።

ድጓው ትናንት ተፈጸመ። ቢላዋንም ደብቄያታለሁ።

እናታችን በርበሬ ልካልሃለች፤ ሳትቆጥብ ብላ ትልሃለች። ልጄ ምስጢር አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው እያለች አሰልችታኛለች። ጎረቤታችን አያ ሰውአገኝም ሰላም ብለውሃል። አብሮህ ለሚኖረው ለሐዲስ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አባባ ሰላም በይልኝ አላሉኝም። ግን በድጓው መጨረሻ ገጽ፣ ጸሎት የሚለመንላቸው ሰዎች ስም በሚሰፍርበት ቦታ፣ ከራሳቸው ስም አስቀድመው በቀይ ቀለም "ልጄን ህሩይን በጸሎታችሁ አስቡት" ብለው በግዕዝ ጽፈውልሃል። ለጥምቀት ናና በዓይንህ አንብበው።

እህትህ ይመኙሽ
ጠዳ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.