ሁለት ጊዜ አቤት

ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣
ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በታሰርን በአሥራ አራተኛው ወር

ለአንዲቷ ልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እናትሽ የወታደር ዱላ ቀምታ እቴቴን ታደገች ቢሉሽ ውሸት ነው። ይህን የምታወራልሽ ቅዳሜ በእስረኛ ልውውጥ የወጣችው የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ናት፤ ሳትወጣም ስታወራው ሰምቻለሁ። እርሷ የቆመችው በኋለኛው ሰልፍ ስለነበር ያየችው የሰው ጀርባ ብቻ ነው። ጥርሶቼ መውለቃቸው እውነት ነው፤ ሁለት ናቸው እንጂ አራት አይደሉም። «ታደገች» የሚለውን ግሥ ላልታደገ ሰው አታውዪው። ትምህርት ቤት የላክሁሽ ለዚህ አልነበረም።

የሆነው እንዲህ ነው።

ጦርነቱ በተነሳ በሳምንቱ የጠላት አገር ሰዎች ተብለን ከየቤታችን ስንለቀም፣ ከዚያ ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ቤት ጓንቴን አድርጌ፣ ሦስት ሻንጣ ለእቴቴ አሸክሜ ወጣሁ። አንቺን አዝላ ያሳደገችሽን፣ እኔ ሠላሳ ዓመት በቃጭል የጠራኋትን ልብስ አጣቢያችንን ማለቴ ነው። ከአገራችን ያመጣኋት እኔ በመሆኔ እርሷም የጠላት አገር ሰው ሆነች። የተወሰድነው ወደዚህ አሮጌ የፈትል ፋብሪካ ነው። በር ላይ ሻንጣውን ተቀብለው ቁጥር ሰጡን፤ እኔ አርባ አንድ፣ እርሷ አርባ ሁለት።

ጠዋት ጠዋት ቁጥራችን ሲጠራ «አቤት» ማለት አለብን። እኔ እምቢ አልሁ።

«እኔን አቤት ይሉኛል እንጂ እኔ አቤት አልልም» አልኋት።

«እትዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት፤ ጥርስ አትሰብርም።»

«ለአንቺ ቀላል ነው፤ ለምደሽዋል።»

ሳቀች። «እንግዲያው የለመደው ይበልልዎት» አለች። ከዚያ ወዲህ አርባ አንድ ሲባል በቀጭን ድምፅ፣ አርባ ሁለት ሲባል በራሷ ድምፅ «አቤት» ትል ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ። ባልዲዬንም የምትሸከመው እርሷ ነበረች።

ባለፈው ዓርብ አዲስ አሥር አለቃ መጣ። ጆሮው የውሻ ነው።

«አርባ አንድ!»

«አቤት!»

«አርባ ሁለት!»

«አቤት!»

መዝገቡን ዘጋው። «አንቺ ሴትዮ፣ መንታ ነሽ እንዴ?» ሲል ከሰልፉ የሳቀም ነበር። «አርባ አንድ የታለች? በየት አመለጠች?»

እቴቴ መሬት መሬት አየች። በጠመንጃው ሰደፍ አፏን መታት። መንጋጋዋ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወደቀች። ክንዷን በጫማው ረግጦ ይዞ ዱላ አስመጣ። «የታለች?» እያለ መታት። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ቆሜአለሁ፤ ደሟ ጫማዬ ላይ ተረጨ። መቁጠር እንጂ መናገር አልቻልሁም። በዘጠነኛው ጣቶቿ ተሰበሩ። በአሥራ አንደኛው ዱላው ራሱ ተሰበረ። ያን ሁሉ ስትመታ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አላየችም። ወደ እኔ ካየች እንዳያውቁብኝ ብላ ነው።

ሌላ ዱላ ሲያቀብሉት «አቤት» አልሁ።

«ለካስ ድምፅ አለሽ!» አለና አፌን በቡጢ መታኝ። ጥርሶቹ የወለቁት ያኔ ነው። እንግዲህ ይኸው፤ ዱላ አልቀማሁም። አሥራ አንድ ጊዜ ዝም አልሁ።

ልብስ ማጠቢያው አሁን የእኔ ሥራ ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ የአሥር አለቃው ሸሚዝ ነበር፤ እጅጌው ላይ ደሟ አለበት። ሙቅ ውሃ ውስጥ ልነክረው ስል እቴቴ ጥግ ከተኛችበት በደህናው እጇ እጄን መታችኝ። ደም የሚለቀው በቀዝቃዛ ነው። ሰባ ዓመት ኖሬ ይህን አላውቅም ነበር። ትናንት ሾርባ ሳጎርሳት «ቀስ ብለው ይዋጡ» አልኋት። አንቱታው ገርሟት ልትስቅ ስትል መንጋጋዋ አመማትና ሁለታችንም ተውነው።

የታመመ ሰው ከሰልፍ የሚቀረው አራት ቀን ብቻ ነው፤ አራቱ ቀን ዛሬ ያልቃል። ነገ አቤት ያላለ በጭነት መኪናው ይወሰዳል። መኪናው ያለፈው ሳምንት ሦስት ሴቶች ወስዶ ነበር፤ ከግንቡ ኋላ ሦስት ጥይት ሰማን፣ ባዶውን ተመለሰ። አሥር አለቃው ደግሞ ለሌላ ሰው አቤት የሚልን እዚያው በቆመበት እንደሚገድል ተናግሯል። የእቴቴ መንጋጋ ታስሯል፤ ቃል አይወጣትም።

ይህን የምታደርስልሽ ነገ ማለዳ በልውውጥ የምትወጣው ነርስ ናት፤ አደራሽን፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ አትሸኚያት። ቤትሽ ሰላም ይሁን። በተጣራሽ ጊዜ ሁሉ የሚሰማሽ አይጥፋ፤ የሚሰማሽንም በስሙ ጥሪው።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ነግሬሽ ላብቃ። ውሃ አሞቃለሁ። የእቴቴን ፊት አጥቤ መንጋጋዋን በአዲስ ጨርቅ አስራለሁ፤ ጨርቁ እንዳይታይ ሻሿን እስከ አገጯ አወርድላታለሁ። ደግፌ አቆማታለሁ። አርባ አንድ ሲባል በራሴ ድምፅ «አቤት» እላለሁ። አርባ ሁለት ሲባል ወፈር አድርጌ «አቤት» እላለሁ። ዛሬ ከባልዲዎቹ ጋር ስለማመደው ውያለሁ። እቴቴ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች፤ ገና ነው ማለቷ ነው።

እናትሽ