ከጎማው የማይለቅ ቡናማ

ሰኞ

ቡናማው አልለቅ አለ። የፊት ግራውን ጎማ በዱቄት ሳሙናና በልብስ ብሩሽ ሦስት ጊዜ ፈተግኩት። ጭቃው እየተቀረፈ ወረደ፤ ከሥሩ ያለው ቡናማ ግን እንዳለ ነው። አራቱም ጎማዎች አንድ ዓይነት ናቸው።

ሚኒባሷን የገዛኋት ከምሠራበት ጋዜጣ ጡረታ ስወጣ ነው። ሹፌሬ ገመቹ ሦስት ዓመት ነድቶልኛል። ጠዋት የፋብሪካ ሠራተኞችን ከአዳማ ዱከም ያደርሳል፣ እዚያው ቆሞ ይውላል፣ ማታ ይመልሳቸዋል። መንገዱ አስፋልት ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ጭቃ ከየት መጣ?

ጠየቅኩት። «ክረምት አይደል ጋሼ» ብሎ ቁልፉን ምስማሩ ላይ ሰቀለ።

ከሐሙስ ወዲህ አልዘነበም።

ማክሰኞ

በረኪና ሞከርኩ። ጣቴን ላጠው እንጂ ጎማውን አልነካውም።

ቡናማውን በቢላ ጫፍ ፍቄ ፖስታ ውስጥ አስቀመጥኩ። የድሮ ልማድ ነው። የዱከም አፈር ጥቁር ነው፤ ይሄ አይደለም። ገመቹ ከአዳማ ወዲያ ያለችው የደራ ልጅ ነው። እናቱ እዚያ ናቸው። ወቅቱ የሽንኩርት ነው፤ በመኪናዬ የሚያስጭነው ሰው አይጠፋም። የመኪናዋ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።

የማላውቀው አንድ ነገር ነው፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መኪናዬ የት እንደምትውል።

ባለቤቴ ራሄል ፖስታውን አየችው። «ዕድሜህን ሙሉ ሹማምንት ስትጠረጥር ኖርክ፤ አሁን ደግሞ ተራው የጎማ ሆነ?» አለችኝ። 

ረቡዕ

ለገመቹ ሳልነግረው በሌላ ሚኒባስ ዱከም ሄድኩ። መኪናዋ ፋብሪካው አጥር ጥግ ቆማለች። እሱ የለም። በትርፉ ቁልፍ ከፈትኩ። ከኋላ ወንበር ሥር ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አገኘሁ። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት፤ ናፍጣ ነው። አጠገቡ እራፊ ጨርቅ አለ።

ስለዚህ በሌላ ቀን ደራ መሄዱ ብቻ አይደለም፤ ናፍጣም እየቀዳ ይሸጣል ማለት ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩት። አልመጣም። ቆልፌ ተመለስኩ።

ሐሙስ

አመሻሹ ላይ ቁልፉን ሊሰቅል ሲገባ አስቀመጥኩት። ድምፄን ሳላነሳ፣ ቃለ መጠይቅ እንደማደርግ በቅደም ተከተል ጠየቅኩት፦ ጭቃው፣ ቡናማው፣ ደራ፣ ጀሪካኑ። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ናፍጣውን ጎማው ላይ ነው የምቀባው ጋሼ። ጎማው ይብራ ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ወጥቶ አያውቅም አልኩት። ቁልፉን ምስማሩ ላይ አልሰቀለውም፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፖስታው ጎን አኖረው። «እንግዲያው ለነገ ሌላ ሹፌር ይፈልጉ» ብሎ ወጣ።

አልጮኸም። ጥፋተኛ ይጮኻል ብዬ ነበር። ወይም ደግሞ አስቀድሞ ተዘጋጅቶበታል።

ዓርብ

ሠራተኞቹን ራሴ ወሰድኳቸው። ሞጆን ሳናልፍ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ። አንዲቱ ከኋላ «ገመቹ ታመመ እንዴ?» ብላ ጠየቀች።  «በዚህ አነዳድ የምንታመመው እኛ ነን» አለ ሌላው። እስከ ዱከም ሳቁብኝ።

ቅዳሜ

መኪናዋን ወይዘሮ ዘይነባ ላቫጆ ወሰድኳት። ዘይነባ መኪና ስታሳጥብ ሃያ ዓመቷ ነው። ጎንበስ ብላ ጎማውን በጥፍሯ ፋቀች፣ ጣቷን አሸተተች።

«ጋሽ ጋዜጣ፣ ይሄ ጭቃ አይደለም። ናፍጣ የጠጣ ጎማ ነው።»

ናፍጣ ጎማውን ለአንድ ቀን ያጠቁረዋል አለች። በማግስቱ አቧራ ይይዛል፣ ፀሐይ ይጋግረዋል፣ ላስቲኩም እየተጎዳ ይሄዳል። ባለቤቱ ቡናማውን ሲያይ መልሶ ናፍጣ ያስቀባል። ግማሹ ከተማ እንዲህ ነው የሚያደርገው። መድኃኒቱ ጎማውን አርጥቦ ወፍራም ፈሳሽ ሳሙና መቀባት፣ ሳይደርቅ በጠንካራ ብሩሽ መፈተግ፣ አረፋው ነጭ እስኪሆን መደጋገም ነው። ናፍጣ ሁለተኛ እንዳይነካው።

ቤት ገብቼ ይህንኑ ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። የፋሲካ ሰሞን፣ በገዛ እጄ ጽሑፍ፦ «የጎረቤቱ መኪና ጎማ ያበራል። ገመቹን በየሳምንቱ በናፍጣ ወልውል አልኩት። እሺ አለ።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጋዜጣው ላይ ስንሳሳት እርማቱን ውስጥ ገጽ፣ ታች ጥግ፣ በደቃቅ ፊደል እናወጣ ነበር። ይሄንንም በስልክ አልፈዋለሁ ብዬ ደወልኩ። አያነሳም።

እሑድ

ከቸርች ወጥቼ ደራ ሄድኩ። እናቱ ደጅ ላይ ከጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። በኦሮምኛ ሰላም አልኳቸው፤ ወንበር አስመጡልኝ። ገመቹ ሲወጣ እዚያው፣ ጎረቤቷም እየሰማች፣ ተሳስቻለሁ አልኩት። ደብተሩን አውጥቼ የፋሲካውን አነበብኩለት። እናቱ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። «አስብበታለሁ» አለ።

ስነሳ መሬቱን አየሁ። የደጃቸው አፈር ፈዛዛ ግራጫ ነው። ቡናማ የሚባል ነገር የለውም።

ከሰዓት በኋላ ዘይነባ እንዳለችው ሦስት ጎማ አጠብኩ። ለቀቀ። አራተኛውን ተውኩት።

ሰኞ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ በር ተንኳኳ። ገመቹ ነው። በመኪናዋ ዙሪያ ዞረና የኋላ ቀኙ ጋ ቆመ።

«ይሄኛውስ?»

ለማስረጃ ነው አልኩት። ፈገግ አለ።

«ከዛሬ በኋላ ማስረጃ እንዳይያዝብኝ ጋሼ።»

እሺ አልኩ። ጀሪካኑን አውርዶ ደጃፉ ላይ ተወው፣ ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ፖስታውን ጣልኩት።

ረቡዕ ያን አንድ ሰዓት የት እንደነበረ አልጠየቅኩትም። ምሳ ላይ ይሆናል። ጥያቄው ግን አፌ ላይ ነው፤ ማታ ቁልፉን ሲሰቅል እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ።