የተቀመጠው መቅዘፊያ

ጥቅምት 4
ከማታ ትምህርት ቤት በወጣሁ በወሩ ይኸው የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሆንኩ። እጅ ጽሑፌ ያምራል። መምህሩም ብሏል... ባይልም ከዓይኑ ያስታውቃል። ዛሬ ደግሞ የሐይቅ ጥበቃ ቢሮው ለሥልጠና መረጠኝ። የተፈጥሮ ሀብት ኢኮኖሚክስ። ስሙን ሳይደናቀፍ ያነበበ እኔ ብቻ ነኝ። ለታላቄ ለወንድም ጋሼ ስነግረው፣ መረቡን እየጠገነ ቀና ሳይል፣ «ፕሮፌሰር፣ ዓሣው በፊደል የሚያዝ ከሆነ ንገረኝ» አለ። እናትና አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደገኝ እሱ ነው። ይቀልድ፣ መብቱ ነው።

ጥቅምት 12
አሠልጣኟ ቀጭን ናት፣ ድምጿ ግን የጀልባ ሞተር። ውሃው የሁሉም ሲሆን እያንዳንዱ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ይላል፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ባዶ መረብ ይጎትታል አለች። አጨበጨብኩ። ብቻዬን።
ከዚያ ሌላ ሐሳብ አመጣች። ሰው ለማይበላው፣ ለማይነካው፣ ሄዶም ለማያየው ነገር ዋጋ ይሰጣል። መኖሩን ማወቁ ብቻ ይበቃዋል... እጄን አውጥቼ፣ ያልበላሁት ዓሣ ኖረ አልኖረ ምን ቸገረኝ አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በቀልድ እኔን የሚያህል የለም።

ኅዳር 1
ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት፣ ዓሣ የሚራባበት የወንዙ አፍ ለሁለት ዓመት ለማጥመድ ይዘጋ ተባለ። ለአጥማጆቹ የማስረዳው እኔ። ወንድም ጋሼ ግን ከዚያ ሌላ ማጥመጃ የለውም። ጀልባዋ አርጅታለች፣ ጥልቁን አትችልም። አሠልጣኟን ጠየቅኳት። የሚጠቀመው ለሚጎዳው ያካፍል፣ መጀመሪያ በዚያ ተስማሙ አለች። ጥሩ። ይሄንን ነው የምናገረው።

ኅዳር 8
ስብሰባው ዛሬ ነበር። እኛ ዘንድ የተስማማ ሰው መቅዘፊያውን መሬት ያስቀምጣል፣ ያልተስማማ እንደያዘ ይቆማል። አንድ ሰው እንኳ እንደያዘ ከቀረ ነገሩ ውድቅ ነው።
እንዴት አድርጌ ተናገርኩ... እንቁላል ያዘለችውን ዓሣ ሆኜ ሄድኩላቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቁ ሲጥመኝ የማካፈሉን ነገር ረሳሁት። በቃ፣ ረሳሁት። መቅዘፊያው ሁሉ ወረደ። ወንድም ጋሼ ብቻ ይዞ ቀረ። ከኋላ አንዱ፣ «ፕሮፌሰሩ የገዛ ወንድሙን ማሳመን አቃተው» አለ። ወንድም ጋሼ አየኝ። ጎንበስ ብሎ አስቀመጠ። ቀስ አድርጎ፣ እንቅልፍ የወሰደውን ልጅ እንደሚያስተኙት።

ኅዳር 9
ለአጥማጆቹ ሊቀ መንበር የማካፈሉን ነገር አነሳሁ። ሰው ተስማምቶ ከተበተነ በኋላ ማን እሺ ይልሃል አለኝ። ቤት ገብቼ ወንድም ጋሼን ለምን አስቀመጥክ አልኩት።
«ታዲያ ሰው ፊት ላዋርድህ? ያሳደግኩህ እኔ አይደለሁ እንዴ?»
መረቡን ማጠፍ ጀመረ። ቀልድ ፈለግኩ... አጣሁ።

ኅዳር 15
ሄደ። አልጋውን አንጥፎ። ጀልባዋን ገልብጦ፣ መረቡን አልብሷት። የት እንደሄደ ለማንም አልተናገረም።

ታኅሣሥ 3
ዛሬም የለም።

ጥር 20
ሥልጠናው አለቀ። አንደኛ ወጣሁ። ማን ፊት ልጎርርበት?

ኅዳር 20
ዓመት አለፈ። የወንዙ አፍ በትናንሽ ዓሣ ይርመሰመሳል። አጥማጆቹ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ ያልፋሉ።
ዛሬ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ወንድምህን አየሁት አለኝ። ሩቅ ነው፣ ከውሃም የራቀ፣ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ይሸከማል። ስለኔ ጠየቀ? አልጠየቀም። ከስቷል? ትንሽ። ይመለሳል? እንጃ። ሲለያዩ ብቻ፣ «የወንዙ አፍ ዓሣ ገባበት?» ብሎታል። ሹፌሩ አላውቅም ብሎ መለሰለት።
አለ ማለት ነው። ዳግመኛ ላላየው እችላለሁ። ግን አለ። ያኔ አሠልጣኟ ስትለው ክፍሉን ያሳቅኩበት ነገር... 
ሹፌሩ ሲነሳ በመስኮቱ በኩል፣ ካገኘኸው ገብቷል በለው፣ ብዙ ገብቷል አልኩት። ቀልድ አልጨመርኩበትም።