ዳንቴል የሚለብስ ዕቃ

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ ለዓፊያ፣

አሰላሙ ዓለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምሽልን? ብርዱስ እንዴት አድርጎሻል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ለቀቀሽ? አማቻችን ጀይሉስ አዲሱ ሥራ ተስማማው? ልጅሽ ነዋል አሁንም አማርኛና ኦሮምኛዋን ትደባልቃለች ወይስ ጀርመንኛው ሁለቱንም ዋጣቸው? በስልክ አከም ጅርታ ብላ እንዴት ነህ ስትለኝ ስቄ አልጠግብም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጨፋ ሜዳ ማሽላም ዘንድሮ አላሳፈረም። ያሳፈርኩት እኔ ነኝ።

ልነግርሽ እየደወልኩ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። አንቺ ደግሞ ድምፄን ሰምተሽ ምን ሆነሃል ማለትሽ አይቀርም። ወረቀት ዓይን ዓይኔን አያየኝም ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ለእረፍት የመጣችው ጓደኛሽ ስትመለስ ታደርስልሻለች።

ነገሩ ያ የላክሽልኝ ዕቃ ነው። የአባባን የሙዚቃ ሸክላዎች ከድሮው ሻይ ቤታችን ዕቃ መሐል አውጥቼ ማጫወቻ ብገዛ፣ ከቴፑ ጋር ሲያያዝ ድምፁ የትንኝ ሆነብኝ። በመሃል ሆኖ ድምፁን የሚያነሣ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል ተባልኩ፤ አንቺም የሁለት ዕቃ ፎቶ ላክሽልኝ። አንዱ ድፍን ጥቁር ቆርቆሮ ነው። ሌላው ከላዩ የመስታወት ቫልቮች የቆሙበት፣ እንደ ድሮ ራዲዮ አምፖል የሚቀላ። ድፍኑ ይበቃሃል፣ ቫልቩ ይግላል፣ እማ ቤት ውስጥ አለች ብለሽኝ ነበር። እኔ ግን ኢንተርኔት ላይ ያነበብኩትን ደርድሬ፣ ቫልቭ ድምፅ ያለሰልሳል፣ የአባባ ሸክላ በቆርቆሮ አይደመጥም ብዬ ድርቅ አልኩ። ውሸቴን ነው። ድምፁንማ መቼ ለይቼ አውቃለሁ! የቢሮ ሰዎች ሲመጡ ሲበራ እንዲያዩት ብዬ ነው።

ዕቃው ሲደርስ ባልደረቦቼን ምሳ ጠራሁ። እማ ለካ ጓዳ ተቀምጣ ዳንቴል ስትሠራለት ከርማለች። በሻይ ቤቱ ዘመን ማጫወቻውን እንዴት ትሸፍነው እንደነበር ታስታውሻለሽ አይደል? የደሴ አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይገባል፤ እሷ ዳንቴሉን አንሥታ ታራግፍና መልሳ ታለብሰዋለች። አባባም ዳንቴል የሌለው ዕቃ ራቁቱን ነው ይል ነበር። ከእንግዶቼ ጋር እጅ ልንታጠብ ስንወጣ ገብታ፣ እኔን ማክበሯ ነው፣ ነጭና አረንጓዴ ዳንቴሏን በበራው ቫልቭ ላይ ጣል አደረገችበት። ስንመለስ ክሩ ቀልጦ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል፣ ቤቱ ሸቷል።

ሶኬቱን መንቀል ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን ዳንቴሉን መንጭቄ፣ ይሄ የሻይ ቤት ራዲዮ መሰለሽ ወይ፣ የማታውቂውን አትንኪ ብዬ በሰው ፊት ጮህኩባት። በእናቴ ላይ! በዚያው በሻይ ቤት አሳድጋ ባስተማረችኝ ላይ! እሷም አብሽር ልጄ፣ አላወቅሁም አለችና የተቃጠለውን ከእጄ ተቀብላ ወጣች። እንግዶቹ አቀረቀሩ። አንዱ ብቻ፣ ኧረ ካሚል፣ እናትህ እኮ ናት አለኝ። ምሳው ሳያልቅ ተሰነባበቱ። ፊቴ እስካሁን ይነደኛል።

ከዚያ ወዲህ ሳሎን አትገባም። ይቅር በይኝ ብዬ ጉልበቷን ስስም፣ በኦሮምኛዋ፣ ዲሲ፣ ተወው፣ ምን አደረግከኝ ትለኛለች። ሸክላ ስከፍት ግን ከበረንዳው ተነሥታ ወደ ጓሮ ትሄዳለች። ብትቆጣኝ ወላሂ ይሻለኝ ነበር። ሸክላዎቹን ከአባባ ጋር ያደመጠቻቸው እሷ ናት። እና ለማን ነው የምከፍተው?

ዕቃውን መልሺልኝ ብዬ ልጽፍልሽ ስቀመጥ ባለቤቴ ፈይሩዝ መጥታ ነገረችኝ። እማ ለብቻዋ ጠርታ ጠይቃታለች፤ ያ መብራታሙ ዕቃ ከላዩ ልብስ ካልወደደ ወርዱን ንገሪኝና ከሥሩ ላንጥፍለት ብላታለች። ወይ ውርደቴ! እኔ እሷን ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ስዞር፣ እሷ ክር ትመርጥልኛለች።

ግን አይሆንም፣ እታለም። ከሥር የተነጠፈውን ማን ያየዋል? ቫልቩን በጓደኛሽ እጅ ልኬዋለሁና በድፍኑ ቀይሪልኝ። ቫልቭ የሌለው፣ የማይግል፣ ላዩ የተደለደለ ይሁን። መልኩ እንደፈለገ ይሁን፤ ብቻ ዳንቴል ይቻል።

ፈይሩዝ በጣም ናፍቀሻታል፤ በርበሬ አስፈጭታ ልካልሻለች። አማቻችንን ጀይሉን ሰላም በይልኝ። ነዋልን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። እማ ዱዓዋ ካንቺ አይለይም፤ እኔ ያደረግኳትን ግን ለማንም አልተናገረችም፣ ላንቺም አትናገርም። ለዚህ ነው የነገርኩሽ። አደራ፣ ከዕቃው በፊት የዕቃውን ወርድና ቁመት ላኪልኝ። እኔው ራሴ እጇን ይዤ ሳሎን አስገብቼ ልኩን እነግራታለሁ።

ወንድምሽ ካሚል
ከሚሴ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.