ለየትኛው ንጉሥ?

እሑድ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ አትላንታ

ዛሬ ግራ ገብቶኝ ነው የዋልኩት። እዚሁ አጠገባችን ዲኬተር ከተማ በተከራየነው አዳራሽ ቅዳሴ ሳይጀመር ቄሳችን አባ ገብረ ኪዳን ለብቻዬ ጠሩኝ።

«አንተ ኮሌጅ ስለ አሜሪካ መንግሥት ትማር የለም? ለንጉሥ የሚጸለየው ቦታ ላይ ስደርስ የማንን ስም ልጥራ?» አሉኝ። ባለፈው እሑድ የፕሬዚዳንቱን ስም ቢጠሩ ግማሹ ምእመን አጉረምርሞ ነበር።

«አባ፣ ፕሬዚዳንቱ እኮ ንጉሥ አይደለም። ሕግ የሚያወጣው ኮንግረስ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ካለ የሁለቱንም ሥራ ይሽራል።»

«ታዲያ የበላዩ ማነው?»

«ሕዝቡ» አልኩ፣ መምህሬ እንዳለው። «ሕገ መንግሥቱ ራሱ ‹እኛ ሕዝቡ› ብሎ ነው የሚጀምረው።»

ትክ ብለው አዩኝና ለቅዳሴው ገቡ።

ለንጉሥ የሚጸለየው ቦታ ላይ ደረሱ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፣ «የዚህን አገር ንጉሥ፣ ሕዝቡን፣ ጠብቅልን» አሉ።

አጠገቤ የቆሙት እትዬ ዘነበች ጎንተል አደረጉኝ። «እኛንም ነው?» አሉ በሹክሹክታ።

ምን ልበላቸው? ያለን ግሪን ካርድ ነው፤ ድምፅ አንሰጥም። እንግዲያ እዚያ «እኛ» ውስጥ የለንም ማለት ነው። ግን አባ ሲጸልዩ የሚያዩት እኛን ነበር። ነገ መምህሬን ልጠይቅ ይሆን? እሱስ ያውቀዋል?

አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። እትዬ ዘነበች መልሴን ሲጠብቁ አሜን ሳይሉ ቀሩ። እኔም አላልኩም።